ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ? ያልተካሄደው ውድድር አሸናፊ ማን ይሆን ነበር?

ድሬዳዋ፦ የቀትሩ ሙቀት በረድ ብሎ የከዚራ ዛፎች ጥላ ሲረዝም በድሬዳዋ ጨዋታ ይደራል። ስፖርት ወዳዱን ወጣትና ጎልማሳ ለሁለት ከሚከፍሉት ክርክሮች አንዱ እስካሁን ዳኛ አላገኘም። አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴና አትሌት ቀነኒሳ በቀለ ሁለቱም በብቃታቸው ጫፍ ላይ ሆነው በ10 ሺህ ሜትር ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ ማን ያሸንፍ ነበር? የሚለው ነው።

ድሬዳዋ ለዚህ ክርክር ገለልተኛ መድረክ ናት ማለት ይቻላል። ኃይሌ ከባህር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት የአሰላ አካባቢ፣ ቀነኒሳ ደግሞ ከዚያም ከፍ ብላ ከምትገኘው የበቆጂ አካባቢ የተገኙ የአርሲ ልጆች ናቸው። 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ሞቃታማዋ ድሬዳዋ ለአንዱ ወይም ለሌላው የምታደላበት የትውልድ ምክንያት የላትም። በመሆኑም ጥያቄውን በስሜት ሳይሆን በመረጃ ለመመልከት የተሻለ ዕድል ያላት ይመስላል።

ይህ ትንታኔም የሁለቱን አትሌቶች ውጤት በማነጻጸር ለክርክሩ መልስ ለመስጠት የሚሞክር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡ ያስፈልጋል።

በተለያየ ዘመን የነገሡ ሁለት ሻምፒዮኖችን በሐሳብ ማጋጠም በእኛ አልተጀመረም። በዚህ ረገድ ቀዳሚው ስፖርት ቦክስ ነው። በ1969 በአሜሪካ የመሐመድ አሊና የሮኪ ማርሲያኖ መረጃዎች ለኮምፒውተር ተሰጥተው ሁለቱ ሻምፒዮኖች በተለያየ መንገድ ሊያልቅ የሚችል ግጥሚያ በካሜራ ፊት እንዲጫወቱ ተደረገ። በጥር 1970 በሲኒማ ቤቶች ለአሜሪካ ተመልካቾች በቀረበው ፊልም ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸናፊ ሆነ። ማርሲያኖ ግን ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በነሐሴ 1969 በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አልፎ ስለነበር የራሱን ድል ለማየት አልበቃም። አሊ በበኩሉ በወቅቱ ለውትድርና አልመለመልም በማለቱ ከቦክስ መድረክ ታግዶ ነበር። ኮምፒውተሩ ፍርድ ሰጠ፤ ክርክሩ ግን አልቆመም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ደግሞ አሊን ከማይክ ታይሰን ጋር ማጋጠም ጀመረ። በዚህ ክርክር ውስጥ የታይሰን ደጋፊዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ መከራከሪያ አለ። በ1980 ላሪ ሆልምስ አሊን አሸንፏል፤ በ1988 ደግሞ ታይሰን ሆልምስን በአራተኛው ዙር ዘርሮታል፤ ስለዚህ ታይሰን አሊን ያሸንፋል የሚል ነው። ስሌቱ ሲሰሙት የሚያሳምን ይመስላል። ይሁንና አሊ በሆልምስ ሲሸነፍ 38 ዓመቱ ነበር፤ ሆልምስም በታይሰን ሲዘረር ዕድሜው እንዲሁ 38 ነበር። ሁለቱም ውጤቶች የሚናገሩት ስለ ዕድሜ እንጂ አሊና ታይሰን በየራሳቸው ምርጥ ዘመን ስለነበራቸው የኃይል ሚዛን አይደለም።

የኃይሌና የቀነኒሳ ክርክርም በዚሁ ወጥመድ ውስጥ ሲወድቅ ይታያል። ብዙዎች ጉዳዩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመዝጋት ይሞክራሉ። ቀነኒሳ በ2003 የፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ኃይሌን ፊት ለፊት ስላሸነፈው ጥያቄው ያኔ ተመልሷል ይላሉ። የኃይሌ ደጋፊዎች ደግሞ ያኔ የተሸነፈው ትክክለኛው ኃይሌ ሳይሆን ያረጀው ኃይሌ ነው በማለት ይመልሳሉ። ከሁለቱ ወገኖች የትኛው ለእውነት ይቀርባል? የሚለውን ለመመርመር አትሌቲክስ ከቦክስ የተሻለ ዕድል ይሰጣል። የቡጢ ኃይል በቁጥር ተመዝግቦ አይቀመጥም፤ የሩጫ ሰዓት ግን ተመዝግቦ ይቀመጣል።

በቅድሚያ ሁለቱን ለማነጻጸር የሚያስችል የጋራ መመዘኛ መኖሩን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ለዚህ ከድሬዳዋ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ከተማዋ የምድር ባቡር ልጅ ናት። ከ1902 ጀምሮ ያገለገላት የቀድሞው ባቡር የሚሄደው አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ነበር። በ2016 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር ደግሞ ስፋቱ 1.435 ሜትር በሆነ አዲስ ሐዲድ ላይ ይጓዛል። የሁለቱን ባቡሮች ሰዓት ብቻ አስቀምጦ የዛሬው ሹፌር ከትናንቱ ይበልጣል የሚል ድሬዳዋዊ አይኖርም። ሹፌርን ከሹፌር ለማወዳደር ሐዲዱ አንድ መሆን አለበትና።

የሁለቱን አትሌቶች የማራቶን ሰዓት ለማወዳደር የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ኃይሌ በ2008 በበርሊን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ቀነኒሳ በዚያው በበርሊን በ2019 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጠ። በመካከሉ ግን በሶሉ ውስጥ የካርቦን ዝርግ የተቀበረበት አዲስ ዓይነት የመሮጫ ጫማ መጥቶ የጎዳና ሩጫን መልክ ቀይሮታል። ሐዲዱ ተለውጧል ማለት ነው።

የመም ውድድራቸው ግን ከዚህ ይለያል። የኃይሌ ምርጥ ዓመት 1998 ሲሆን የቀነኒሳ 2004 እና 2005 ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ቢሆን ነው። በሁለቱም ጊዜ መሙ ሰው ሠራሽ፣ ጫማው የተለመደው ባለ ሹል ጫማ፣ አሯሯጩም ሰው ነበር። ዛሬ በመሙ ጠርዝ ላይ እየበራ ለሯጩ ፍጥነት የሚነግረው መብራት በሁለቱም ዘመን አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱ ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ናቸውና ማነጻጸሩ ተገቢ ይሆናል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ? በ1998 የ25 ዓመቱ ኃይሌ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰብሯል። ሰኔ 1 ቀን በኔዘርላንድ ሄንግሎ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ፣ ሰኔ 13 ቀን ደግሞ በሄልሲንኪ 5 ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ39.36 ሰከንድ አጠናቋል።

ቀነኒሳ እነዚህን ሁለት ክብረ ወሰኖች የሰበረው በ2004 ከስምንት ቀናት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነበር። ግንቦት 31 ቀን በዚያው በሄንግሎ 5 ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሮጠ። ሰኔ 8 ቀን በቼክ ሪፐብሊክ ኦስትራቫ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ20.31 ሰከንድ ፈጸመ። በነሐሴ 2005 ደግሞ በብራሰልስ የራሱን ክብረ ወሰን ወደ 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ዝቅ አደረገው። ይህንን ያስመዘገበው በዚያው ዓመት ጥር ወር እጮኛው አትሌት ዓለም ተካልኝ አብራው በልምምድ ላይ ሳለች በሞት ከተለየችው በኋላ መሆኑም ይታወሳል።

በ10 ሺህ ሜትር በሁለቱ ምርጥ ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት 5.22 ሰከንድ ነው። ይህ ለ25 ዙር ሲካፈል በአንድ ዙር የአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ሲሆን፣ በርቀት ሲተመን በመጨረሻው መስመር ላይ ወደ 33 ሜትር ይሆናል። በ5 ሺህ ሜትር ልዩነቱ 2.01 ሰከንድ ወይም 13 ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱም ርቀቶች የቀደመው ቀነኒሳ ነው።

ርቀቱ ሲያጥር ግን ሚዛኑ ወደ ኃይሌ ያጋድላል። በ3 ሺህ ሜትር ኃይሌ በ1998 በ7 ደቂቃ ከ25.09 ሰከንድ ሲሮጥ የቀነኒሳ ምርጥ ሰዓት 7 ደቂቃ ከ25.79 ሰከንድ ነው። በ1 ሺህ 500 ሜትር ደግሞ ኃይሌ በቤት ውስጥ ውድድር 3 ደቂቃ ከ31.76 ሰከንድ ያስመዘገበ ሲሆን፣ የቀነኒሳ ምርጥ ሰዓት በውጪ መም የተገኘ 3 ደቂቃ ከ32.35 ሰከንድ ነው። ኃይሌ በ1999 በጃፓን ማኤባሺ በተካሄደው የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በ3 ሺህ ብቻ ሳይሆን በ1 ሺህ 500 ሜትርም የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። የ10 ሺህ ሜትር ንጉሥ በ1 ሺህ 500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ማየት የተለመደ አይደለም።

ከእነዚህ ቁጥሮች የምንረዳው ቀነኒሳ በረጅም ርቀት ላይ የበለጠ የሚጸና፣ ኃይሌ ደግሞ በአጭር ርቀት ላይ በጥቂቱ የሚፈጥን መሆናቸውን ነው። በመሆኑም ሁለቱ ቢገናኙ ውጤቱ የሚወሰነው የመጨረሻው ደወል ሲደወል ኃይሌ ከቀነኒሳ ኋላ ተጠግቶ መገኘት አለመገኘቱ ላይ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሻምፒዮና በክብረ ወሰን ብቻ አይመዘንም። በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ አሯሯጭ የለም፤ ሩጫው የታክቲክ ነው። በዚህ ረገድ የሁለቱ ታሪክ በሚያስገርም ሁኔታ እኩል ነው። ኃይሌ በ10 ሺህ ሜትር በ1993፣ 1995፣ 1997 እና 1999 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ1996 እና 2000 ደግሞ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆኗል። ቀነኒሳ በዚሁ ርቀት በ2003፣ 2005፣ 2007 እና 2009 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2004 እና 2008 የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆኗል። ስድስት ለስድስት ማለት ነው። ቀነኒሳ በዚህ ላይ የ2008 ኦሊምፒክንና የ2009 የዓለም ሻምፒዮናን የ5 ሺህ ሜትር ወርቅ ይጨምራል።

ሁለቱ ያሸነፉበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። የኃይሌ መሣሪያ የመጨረሻው 200 ሜትር ነበር። ለዚህ ትልቁ ምስክር ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ነው። ቴርጋት ከ1995 እስከ 1999 በተከታታይ አምስት ጊዜ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን የሆነ፣ በ1997 የ10 ሺህ ሜትርን ክብረ ወሰን ለአንድ ዓመት ገደማ ከኃይሌ የነጠቀ ብርቱ ሯጭ ነበር። ሆኖም በአትላንታ፣ በአቴንስ፣ በሴቪያና በሲድኒ አራት ጊዜ ለወርቅ ተፋልሞ አራቱንም ጊዜ በኃይሌ ተቀድሟል። በሲድኒ የለያቸው 0.09 ሰከንድ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ አንደኛውንና ሁለተኛውን የለየው 0.12 ሰከንድ እንደነበር ሲታሰብ፣ ከ25 ዙር በኋላ የታየው ፍልሚያ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ግልጽ ይሆናል።

የቀነኒሳ መሣሪያ ደግሞ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በአገር አቋራጭ የተገነባ ጥንካሬ ነው። ቀነኒሳ ከ2002 እስከ 2006 በየዓመቱ አጭሩንም ረጅሙንም የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር አሸንፎ፣ በ2008 ረጅሙን በመድገም በአዋቂዎች 11 የግል ወርቅ ሰብስቧል። ኃይሌ በዚህ ውድድር በአዋቂዎች ያገኘው ከፍተኛ ውጤት በ1994 ያስመዘገበው ሦስተኛነት ነው። ሁለተኛው መሣሪያ የመጨረሻው ሙሉ ዙር ነው። በአቴንስና በቤጂንግ ኦሊምፒክ ቀነኒሳ የ10 ሺህ ሜትርን የመጨረሻ 400 ሜትር በ53 ሰከንድ ገደማ ጨርሷል። በሌላ አነጋገር ቴርጋት የነበረው ጽናት አለው፤ ቴርጋት ያልነበረው አጨራረስም አለው።

የኃይሌ ደጋፊዎች እዚህ ላይ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ቀነኒሳም ቢሆን በአጨራረስ ተሸንፎ ያውቃል። በፓሪስ 2003 በ5 ሺህ ሜትር በኢሊዩድ ኪፕቾጌና በሂሻም ኤልጌሩዥ ተቀድሞ ሦስተኛ ሆኗል። በአቴንስ 2004 ደግሞ በዚያው ርቀት በኤልጌሩዥ በ0.20 ሰከንድ ተቀድሟል። ኤልጌሩዥ የ1 ሺህ 500 ሜትር ንጉሥ ነበር። የ1 ሺህ 500 ሜትር ፍጥነት ያለው ሰው እስከ መጨረሻው መታጠፊያ ከተከተለው ቀነኒሳ ሊሸነፍ እንደሚችል ታይቷል፤ ኃይሌም በማኤባሺ በዚሁ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው ይላሉ።

መከራከሪያው የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ሦስት ነገሮች ያዳክሙታል። አንደኛ፣ ቀነኒሳ በሁለቱም ጊዜ 5 ሺህ ሜትርን የሮጠው በዚያው ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትርን ወርቅ ካጠለቀ በኋላ ነበር። ሁለተኛ፣ በኋላ ትምህርቱን ወስዷል። በ2009 በበርሊን የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የ1 ሺህ 500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የነበረው በርናርድ ላጋት በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ሲያልፈው ቀነኒሳ መልሶ አልፎት በ0.24 ሰከንድ አሸንፏል። ሦስተኛ፣ ሽንፈቶቹ የደረሱበት በ5 ሺህ ሜትር ነው። በ10 ሺህ ሜትር ግን በ2003 በመም ላይ ከጀመረ አንስቶ በ2011 በዴጉ ውድድሩን እስካቋረጠበት ጊዜ ድረስ የቀደመው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ፓሪሱ ውድድር መመለስ ግድ ይላል። ነሐሴ 24 ቀን 2003 ሦስት ኢትዮጵያውያን ተጋግዘው ሌሎቹን ካራገፉ በኋላ ቀነኒሳ በ26 ደቂቃ ከ49.57 ሰከንድ አንደኛ፣ ኃይሌ በ26 ደቂቃ ከ50.77 ሰከንድ ሁለተኛ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ ሆነዋል። ሁለተኛው 5 ሺህ ሜትር ከ13 ደቂቃ በታች የተሮጠበት ከባድ ፍልሚያ ነበር። ቀነኒሳ 21፣ ኃይሌ 30 ዓመታቸው ነበር። የለያያቸው 1.20 ሰከንድ በዚያ ፍጥነት ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ነው።

ያ ኃይሌ በ38 ዓመቱ በሆልምስ እንደተሸነፈው አሊ ነበርን? የዚህ ጥያቄ መልስ ከፓሪስ 12 ቀን በኋላ በብራሰልስ ተሰጥቷል። መስከረም 5 ቀን 2003 ኃይሌ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ29.22 ሰከንድ ሮጦ አሸንፏል። ይህ ከራሱ ምርጥ ሰዓት የሚዘገየው በ6.47 ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በፓሪስ የተሸነፈው ያረጀ ኃይሌ ነው የሚለው አባባል በቁጥር አይደገፍም። በሌላ በኩል በፓሪስ ያሸነፈው ቀነኒሳም ገና ሙሉ ቀነኒሳ አልነበረም፤ የብራሰልሱ ክብረ ወሰን ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሯጭ ዕድሜው ሲገፋ ከጽናቱ ይልቅ ቀድሞ የሚቀንሰው የመጨረሻ ፍጥነቱ ነው። የ30 ዓመቱ ኃይሌ የሚያጣው የመጨረሻውን 200 ሜትር ፍጥነት ነው፤ ይህም ዋናው መሣሪያው ነበር። የ25 ዓመቱ ኃይሌ በፓሪስ ቢኖር ኖሮ ከዚያ 1.20 ሰከንድ ውስጥ አብዛኛውን ምናልባትም ሁሉንም ማስመለስ ይችል ነበር። የክርክሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን የኃይሌን ዓመታት ወደ ኋላ የሚመልስ ፍትሐዊ ዳኛ የቀነኒሳንም ወደ ፊት መግፋት አለበት። አንዱን አሳድሶ ሌላውን በ21 ዓመቱ መተው ሚዛን አይሆንም።

በአቴንስ 2004 ኃይሌ አምስተኛ የወጣበትን ውድድር ለዚህ ክርክር ማስረጃ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም። ኃይሌ ወደዚያ የሄደው የቋንጃው ጅማት ጉዳት እያመመው ነበር። በዚያ ምሽት ቀነኒሳና ስለሺ ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀር እየዞሩ ሲመለከቱትና ሲጠብቁት መታየታቸው እስከ ዛሬ ይነገራል።

ማስረጃዎቹ ተጠቃለው ሲታዩ ይህ ጸሐፊ የደረሰበት ትንበያ የሚከተለው ነው። የ1998ቱ ኃይሌና የ2005ቱ ቀነኒሳ ያለ አሯሯጭ በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ አሥር ጊዜ ቢገናኙ ስድስቱን ቀነኒሳ፣ አራቱን ኃይሌ ያሸንፉ ነበር። ሩጫው ከስድስተኛው ሺህ ሜትር ጀምሮ ከፈጠነና ፍጥነቱ እየተቀያየረ ከሄደ የአገር አቋራጩ ጥንካሬ ለቀነኒሳ ይፈርዳል። ሩጫው ዝግ ብሎ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ወደ መጨረሻው መታጠፊያ ከደረሱ ግን ድሉ የኃይሌ ነው፤ በዚያ ቦታ ላይ ከ1993 እስከ 2000 በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ያሸነፈው ሰው የለምና። በ5 ሺህ ሜትር ዕድላቸው እኩል ነው። በ3 ሺህ ሜትር ኃይሌ ይቀድማል።

ቀነኒሳን ለ10 ሺህ ሜትር የሚያስመርጠው አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ውድድሩን ዝግ እንዲል ወይም እንዲፈጥን የማድረግ ምርጫ ያለው ጠንካራው ሯጭ ነው። ፈጣኑ ሰው ዝግ ያለ ሩጫ ቢመኝም ጠንካራው ከፊት ሆኖ ካፈጠነው ሊያስቆመው አይችልም። ቀነኒሳ ከኤልጌሩዥ ጋር በነበረው የአቴንስ የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ይህንን ምርጫ በሚገባ አልተጠቀመበትም። በቤጂንግ ግን በዚያው ርቀት ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን በመጨመር በ12 ደቂቃ ከ57.82 ሰከንድ ኪፕቾጌን አስከትሎ ገብቷል። የ2005ቱ እግር ከ2008ቱ ልምድ ጋር ቢጣመር ለማንም የሚበገር አይመስልም።

ይህንን ስንል ግን አንድ እውነት መዘንጋት የለበትም። ቀነኒሳ ክብረ ወሰኑን የሰበረው 26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ የተጻፈበት ግብ ስለነበረው ነው። ኃይሌ በ1995 የመጀመሪያውን የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰኑን ሲያስመዘግብ የሰበረው 26 ደቂቃ ከ52.23 ሰከንድ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ እርሱና ተፎካካሪዎቹ ከዚህ ላይ ወደ 30 ሰከንድ ቀንሰዋል። ቀነኒሳ በሁለት ጊዜ የቀነሰው 5.22 ሰከንድ ነው። ጫካውን መንጥሮ መንገዱን ያወጣው ኃይሌ ሲሆን በዚያ መንገድ ሩቅ የሄደው ቀነኒሳ ነው። ኃይሌም ቢሆን በልጅነቱ ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ ያገኛቸውን ድርብ ወርቆች በሬዲዮ ሰምቶ የተነሣ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። አንዱን ለማሞገስ ሌላውን ማንኳሰስ ይህንን ሰንሰለት መበጠስ ይሆናል።

ሰንሰለቱ ዛሬ ያለበት ሁኔታ ደግሞ ከክርክሩ በላይ ሊያሳስበን ይገባል። ከቀነኒሳ በኋላ ኢብራሂም ጄይላን በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮን፣ ሰሎሞን ባረጋ በ2021 በቶኪዮ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነዋል። ይሁንና ከ2013 እስከ 2025 በተካሄዱት ሰባት የዓለም ሻምፒዮናዎች በወንዶች 10 ሺህ ሜትር ኢትዮጵያ ወርቅ አላገኘችም። የቀነኒሳ ክብረ ወሰኖችም በ2020 በኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ተሰብረዋል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ በሪሁ አረጋዊ ወርቁን በቼፕቴጌ የተነጠቀው በ0.30 ሰከንድ ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የ10 ሺህ ሜትር ውድድር በትላልቅ የመም መድረኮች ላይ እየተመናመነ መምጣቱ ነው። ገንዘቡም ዝናውም ወደ ጎዳና ሩጫ በመዞሩ ብዙ ወጣቶች መሙን ሳይጠግቡ ይለቃሉ። ኃይሌም ቀነኒሳም ግን ሠላሳኛ ዓመታቸው እስኪቃረብ ድረስ በመም ላይ ቆይተዋል። የአጨራረስ ፍጥነታቸው የተሞረደው በ1 ሺህ 500ና በ3 ሺህ ሜትር፣ ጽናታቸው የተፈተነው በጭቃና በዳገት ላይ ነው። የሁለቱን ግጥሚያ የምንተነብይበት መረጃ ሁሉ የተገኘው ከዚህ ትዕግሥት ነው።

በከዚራ ጥላ ሥር የሚደረገው ክርክር ነገም ይቀጥላል፤ መቀጠሉም መልካም ነው። የዚህ ጸሐፊ ድምፅ በጠባብ ልዩነት ለቀነኒሳ ተሰጥቷል። ለኃይሌ የሚሰጥ አንባቢም በእጁ በቂ ማስረጃ አለው። ከሁለቱም ወገን የሚጠበቀው ግን ከክርክሩ ጎን ለጎን አንድ ጥያቄ መጨመር ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ የድሬዳዋ ልጆች ከቀነኒሳ ጋር የሚያጋጥሙት ኢትዮጵያዊ ሯጭ ዛሬ በየትኛው መም ላይ እየሮጠ ነው? መሙ ባዶ ከሆነ ክርክሩም የሚቀረው በትናንት ሰዎች ብቻ ነው።